ፍተሻው የሚፈጥነው ሥራው ሲቀነስ ነው

(በአዳማ ከተማ ለሶፍትዌር ባለሙያዎችና ለኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። ከቃል ወደ ጽሑፍ ሲገለበጥ አንዳንድ ድግግሞሾች ከመውጣታቸው በቀር እንዳለ ቀርቧል።)

የተከበራችሁ መምህራን፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ከዩኒቨርሲቲው የመጣችሁ ተማሪዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ! የቅዳሜ ዕረፍታችሁን ትታችሁ፣ ያውም በዚህ በአዳማ ሙቀት፣ አዳራሹን ሞልታችሁ ስላየሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ከአዲስ አበባ በፍጥነት መንገዱ ማልዳችሁ የመጣችሁም አላችሁና እንኳን ደኅና መጣችሁ።

አዘጋጆቹ እንድናገርበት የሰጡኝ ጉዳይ የስታቲክ ኮድ ፍተሻን ማፍጠን ነው። ለጀማሪዎቹ ብዬ ባጭሩ ልግለጸው። ፕሮግራሙን ሳናስኬድ፣ የተጻፈውን ኮድ ብቻ አንብቦ «እዚህ ላይ ስሕተት አለ፣ እዚያ ላይ አደጋ አለ» ብሎ የሚያስጠነቅቀን መሣሪያ አለ፤ ስለ እርሱ ነው የምንነጋገረው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ስቲቨን ጆንሰን በቤል ላብስ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1978 ለሲ ቋንቋ ሊንት የተባለውን መሣሪያ ሠራ፤ ከዚያ ወዲህ የራሱ ሊንተር (በሊንት ስም የሚጠራ እንዲህ ያለ መሣሪያ) የሌለው የፕሮግራም ቋንቋ ማግኘት አስቸጋሪ ሆኗል። ጃቫስክሪፕት የሚጽፍ ኢኤስሊንትን፣ ፓይተን የሚጽፍ ራፍንና ማይፓይን፣ ፒኤችፒ የሚጽፍ ፒኤችፒስታንን፣ ሩቢ የሚጽፍ ሩቦኮፕን ያውቃል።

ሦስት ጥያቄዎችን አነሣለሁ። የመጀመሪያው፣ ፍተሻው ቢዘገይ ምን ይጎዳናል? ሁለተኛው፣ ጊዜው የሚባክነው የት ላይ ነው? ሦስተኛው፣ እንዴት እናፍጥነው? ሦስተኛው ሰፊ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜያችንን ይወስድብናል። አቋሜን ግን ከወዲሁ ልናገር፤ ፍተሻን ለማፍጠን ዋናው መንገድ የማያስፈልገውን ሥራ ማስቀረት ነው። ፈጣን ማሽን መግዛትም ሆነ መሣሪያውን በሌላ ቋንቋ እንደ አዲስ መጻፍ ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልግባ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በምሠራበት አንድ ድርጅት ውስጥ እያንዳንዱ ኮሚት፣ ማለትም ተመዝግቦ የሚቀመጥ የኮድ ለውጥ፣ ከመግባቱ በፊት ሙሉው ኮድ እንዲፈተሽ ተደርጎ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን ኮዱ እያደገ ሲሄድ ፍተሻው እየረዘመ መጣ፤ ልጆቹ ኮሚት ብለው ወደ ታች ወርደው ማኪያቶ ጠጥተው ሲመለሱ እንኳ አንዳንዴ አላለቀም። በኋላ አንደኛው ወጣት የኮድ ለውጦችን በሚመዘግበው በጊት ውስጥ ፍተሻውን የሚያስዘልል አማራጭ እንዳለ አገኘ። ያቺ ትእዛዝ በቴሌግራም ቡድናቸው ውስጥ እንዴት እንደተዛመተች ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። ደንቡን የሻረ ማንም የለም፣ ፍተሻውን ያጠፋ ማንም የለም፤ ሥራ አስኪያጁ ኮዱ እየተፈተሸ እንደሆነ አምኖ በሰላም ይተኛል፤ በተግባር ግን የሚፈተሽ ኮድ አልነበረም። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? የልጆቹ ነው የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔ ግን የመሣሪያው ነው ባይ ነኝ። ሰውን በቀን ብዙ ጊዜ ደቂቃዎች የሚያስጠብቅ መሣሪያ ቀስ በቀስ መዘለሉ አይቀርም።

ይህ የእኛ አገር ጠባይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፌስቡክ ኢንፈር የሚባል የፍተሻ መሣሪያ አለው፤ መነሻው ሞኖይዲክስ የተባለ የለንደን ጀማሪ ኩባንያ ሲሆን፣ ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2013 ገዝቶት በ2015 ኮዱን ለሕዝብ ክፍት አደረገው። መሐንዲሶቹ በ2019 ባወጡት ጽሑፍ ውስጥ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ተናግረዋል። መጀመሪያ ላይ መሣሪያው ከሥራው ሂደት ውጭ ለብቻው እየሠራ የስሕተቶችን ዝርዝር ያወጣና ዝርዝሩ ለፕሮግራመሮች ይታደል ነበር። ስንቱ ተስተካከለ? ወደ ዜሮ የተጠጋ ነው። ቀጥሎ ያንኑ መሣሪያ ፕሮግራመሩ ለውጡን ለግምገማ ባቀረበበት ሰዓት፣ ነገሩ ገና ከአእምሮው ሳይወጣ እንዲናገር አደረጉት። የሚስተካከለው ድርሻ ከ70 በመቶ በላይ ሆነ። መሣሪያው ያው ነው፣ የሚያገኘው ስሕተት ያው ነው፣ የሚያስተካክለውም ሰው ያው ነው። የተለወጠው የሚናገርበት ሰዓት ብቻ ነው። በዚያ ሰዓት ለመናገር ደግሞ መፍጠን ግድ ይላል።

በእኛ ሁኔታ ላይ ሌላም ነገር ይጨመራል። ስንቶቻችሁ ናችሁ 8 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፕ የምትሠሩት? እጃችሁን አያለሁ፤ ብዙ ናችሁ። መብራት ሲጠፋ ባትሪው ከመሟጠጡ በፊት ሥራችሁን ጨርሳችሁ መላክ አለባችሁ፤ ፕሮሰሰሩን ለደቂቃዎች ሙሉ በሙሉ የሚይዝ ፍተሻ ያንን ባትሪ ይበላዋል። በደመና ላይ እናስኪደው ብትሉም በዶላር የሚከፈል ነው፤ የዶላሩን ነገር ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። ኮድ የሚቀመጥበትና የሚፈተሽበት የደመና አገልግሎት ጊትሀብ ለግል ኮድ በነፃው ዕቅድ የሚሰጠው የማስኬጃ ጊዜ በወር 2,000 ደቂቃ ነው እንበልና አብረን እናስላ። አንድ ፍተሻ 12 ደቂቃ ከወሰደ በወር 166 ጊዜ ብቻ ማስኬድ ይቻላል። አምስት ሰዎች በቀን ሁለት ሁለት ጊዜ ቢልኩ በ22 የሥራ ቀን 220 ይሆናልና ወሩ ሳያልቅ ደቂቃው ያልቃል። ፍተሻው 3 ደቂቃ ከሆነ ግን 666 ጊዜ ይበቃል፤ ጨርሶ የማይነካ ተራፊ አለ ማለት ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንሂድ፤ ጊዜው የሚባክነው የት ነው? «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ይላሉ እናቶቻችን። ብዙ ፕሮግራመር ሊንተሩ ዘገየ ብሎ ሲያማርር እሰማለሁ፤ «ከየትኛው ሥራው ላይ ነው የዘገየው?» ብዬ ስጠይቅ ግን መልስ የለም። መሣሪያው ይነሣል፣ ፕለጊኖቹን (ተጨማሪ ደንብ የሚያመጡለትን ቅጥያዎች) ይጭናል፣ ፋይሎቹን ይፈልጋል፣ እያንዳንዱን ፋይል አንብቦ የአገባብ ዛፍ (የኮዱን አወቃቀር በቅርንጫፍ የሚያሳይ) ይሠራል፣ ስሞችንና ዓይነቶችን (እሴቱ ቁጥር ነው ወይስ ጽሑፍ የሚለውን) ያገናኛል፣ በመጨረሻም ደንቦቹን አንድ በአንድ ያስኬዳል። ከእነዚህ በአንደኛው ላይ የሚወሰደው መፍትሔ ለሌላው ምንም አይፈይድም። ፕለጊን በመጫን ላይ ለሚባክን ጊዜ ፓርሰሩን (ኮዱን አንብቦ ዛፉን የሚሠራውን ክፍል) ማፍጠን ምን ይጠቅማል?

መለኪያው በእጃችሁ ነው። ኢኤስሊንትን ከማስኬዳችሁ በፊት ታይሚንግ የተባለውን የአካባቢ ተለዋዋጭ 1 ብታደርጉት የትኛው ደንብ ስንት ሚሊሰከንድ እንደወሰደ በሠንጠረዥ ይሰጣችኋል። ለሲ ፕላስ ፕላስ ሰዎች ክላንግ ታይዲም ተመሳሳይ አማራጭ አለው። እዚሁ አዳማ አንድ ወዳጄ ቢሮ ሄጄ ይህንኑ ሠንጠረዥ አብረን ስናወጣ፣ ከግማሽ የሚበልጠውን ጊዜ አንድ ደንብ ብቻውን ወስዶት አገኘን፤ ፋይሎች እርስ በርስ በክብ መጠራራታቸውን የሚፈልገው ደንብ ነበር። ይህ ደንብ ከአንዱ ፋይል ወደ ሌላው፣ ከዚያም ወደ ሌላው እየተከተለ መሄድ ስላለበት ከባድ መሆኑ ተፈጥሮው ነው። ወዳጄ ደንቡን አላጠፋውም፤ በየሴቩ፣ ማለትም ፋይሉ በተቀመጠ ቁጥር፣ ከሚሄደው ፍተሻ አውጥቶ ለውጡ ከዋናው ኮድ ጋር ከመዋሃዱ በፊት ወደሚሄደው ፍተሻ አዛወረው። ሌላ ምንም አልነካም፤ የቢሮው ልጆች ግን በማግስቱ ማሽን የተቀየረላቸው መስሏቸው ነበር።

ራሳችሁ ደንብ የምትጽፉ ካላችሁ ደግሞ አንድ ምሳሌ ጠጋ ብለን እንመልከት። «ተሰይሞ ሥራ ላይ ያልዋለ ተለዋዋጭ ካለ ንገረኝ» የሚል ደንብ አለ እንበል። ጀማሪ እንዲህ ይጽፈዋል፤ ዛፉ ላይ ሲሄድ አንድ የተለዋዋጭ መሰየሚያ ባገኘ ቁጥር እንደገና ከሥሩ ተነሥቶ ሙሉውን ዛፍ ዞሮ ስሙ የተጠራበትን ቦታ ይፈልጋል። ትክክለኛ መልስ ይሰጣል፤ በትንሽ ፋይል ላይም ችግሩ አይታይም። ፋይሉ 20,000 አንጓዎች (የዛፉ ነጥቦች) እና 500 ተለዋዋጮች ሲኖሩት ግን 10 ሚሊዮን ጉብኝት ይሆናል። ልምድ ያለው ሰው ዛፉን አንድ ጊዜ ብቻ ይዞራል፤ መሰየሚያ ሲያገኝ ስሙን ከነክልሉ (ስሙ ከሚሠራበት የኮድ ክፍል ጋር) በሠንጠረዥ ይመዘግባል፣ ስሙ ሲጠራ ምልክት ያደርግበታል፣ ክልሉ ሲዘጋ ምልክት የሌላቸውን ያወጣል። 20,000 ጉብኝት፣ በቃ። ደንቡ ያው፣ መልሱ ያው፣ ሥራው ግን አምስት መቶ እጥፍ ቀነሰ። ይህን ለማድረግ ሩስት የተባለውን ፈጣን ቋንቋ መማር አስፈልጓልን? አላስፈለገም።

ከዚሁ ጋር ርካሹን ጥያቄ ማስቀደም ልማድ ይሁንላችሁ። አንድ የተሻረ ፈንክሽን እንዳይጠራ የሚከለክል ደንብ ካላችሁ፣ ዛፍ ሳትሠሩ በፊት የፈንክሽኑ ስም በፋይሉ ጽሑፍ ውስጥ ጨርሶ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ከሌለ ወደ ቀጣዩ ፋይል እለፉ። ሬጉላር ኤክስፕሬሽን (የጽሑፍ ቅርጽ መፈለጊያ አገላለጽ) ላይም ተጠንቀቁ፤ መደጋገሚያ በመደጋገሚያ ውስጥ የገባበት አጻጻፍ በአንዳንድ ጽሑፍ ላይ ወደ ኋላ እየተመለሰ መሞከሩን አያቆምም። ክላውድፍሌር የተባለው የኢንተርኔት ኩባንያ በጁላይ 2 ቀን 2019 አገልግሎቱ ለ27 ደቂቃ የተስተጓጎለው በእንዲህ ያለ አንድ አገላለጽ ምክንያት ነበር። ሊንተር ውስጥ ሲገባ ደግሞ የሚያቆመው የእናንተን ሥራ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ፓርሲንግ ትንሽ ልበል። በአንድ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ልታስፈጽሙ ሄዳችሁ፣ እያንዳንዱ ኃላፊ ለየራሱ «ፋይልህን ከመዝገብ ቤት አስወጥተህ አምጣ» ብሎ ቢልካችሁ፣ አንዱ አይቶ ሲመልሰው ሌላው እንደ አዲስ ቢያስወጣችሁ ቀኑ እንዴት እንደሚያልፍ ታውቃላችሁ። ብዙ የፍተሻ መሣሪያዎችን ለየብቻ የሚያስኬድ ፕሮጀክት የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አንዱ ያልተጠቀምንበትን ኢምፖርት ለመፈለግ ፋይሉን አንብቦ ዛፍ ይሠራል፤ ሁለተኛው የአጻጻፍ ሥርዓትን ለማየት እንደገና ያነባል፤ ሦስተኛው ስለ ደኅንነት ሲል እንደገና። ጎላንግሲአይ ሊንት «ጎ» በተባለው ቋንቋ ውስጥ የተወደደበት አንዱ ምክንያት በርካታ ሊንተሮችን በአንድ ላይ አስኪዶ የተሠራውን ዛፍና የዓይነት መረጃ ስለሚያጋራቸው ነው። ራፍም በፓይተን ዓለም ፍሌክ ኤይትንና በርካታ ፕለጊኖቹን በአንድ ፕሮግራም ተካ። የፍጥነቱን ምስጢር ሲናገሩ ሁሉም ሩስትን ይጠራሉ፤ ብዙ መሣሪያ በየፊናው ያነበው የነበረውን ፋይል አሁን አንድ መሣሪያ ብቻ ማንበቡን የሚጠራ ግን ጥቂት ነው።

አሁን የደረስነው እኔ ከሁሉ አስበልጬ ከማየው ቦታ ነው፤ የተሠራን ሥራ አለመድገም። ትናንት አንድ ሺህ ፋይል ፈትሸን ንጹሕ ናቸው ካልን፣ ዛሬ ሦስት ፋይል ብቻ ከተነካ፣ የቀሩትን 997 እንደገና መፈተሽ ለምን አስፈለገ? መልሱ ካሽ፣ ማለትም የቀድሞውን ውጤት አስቀምጦ መልሶ መጠቀም ነው። ካሽ ሲነገር ቀላል ነው፤ በትክክል መሥራቱ ግን የዚህ ሙያ ዋና ፈተና ነው። ምክንያቱም ቀርፋፋ ፍተሻ የሚያናድድ ቢሆንም እውነት ይናገራል፤ የተበላሸ ካሽ ያለው ፈጣን ፍተሻ ግን ይዋሻል።

አንድ የማውቀው ቡድን የራሱን የፍተሻ መሣሪያ ሠርቶ ካሽ ጨመረበት። የካሹ ቁልፍ የፋይሉ ይዘት ሃሽ (ከይዘቱ የሚሰላ አጭር መለያ) ብቻ ነበር፤ ይዘቱ ካልተለወጠ የቀድሞው ውጤት ይመለሳል። ፍጥነቱ ግሩም ነበር፤ ሁሉም ተደሰተ። ከጊዜ በኋላ የይለፍ ቃል በኮድ ውስጥ ተጽፎ እንዳይቀር የሚከለክል አዲስ ደንብ በማዋቀሪያው ፋይል ላይ ጨመሩ። ፍተሻው ሲሄድ «ምንም ስሕተት የለም» አለ። እውነት ስሕተት አልነበረምን? ነበር። ነገር ግን የቆዩት ፋይሎች ይዘታቸው ስላልተለወጠ አዲሱ ደንብ አንዳቸውንም አላያቸውም፤ መሣሪያው የመለሰው ደንቡ ከመውጣቱ በፊት የተሰጠውን ውጤት ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ይህ ነው። ስለዚህ በቁልፉ ውስጥ አራት ነገሮች ተጣምረው መግባት አለባቸው፤ የፋይሉ ይዘት፣ የመሣሪያው ሥሪት፣ የማዋቀሪያው ይዘት፣ የፕለጊኖቹ ሥሪት። ከአራቱ አንዱ ሲለወጥ የቀድሞው ውጤት ዋጋ የለውም።

ሌላ ብዙ ሰው የሚደናቀፍበት ነገር አለ። ኢኤስሊንት ካሽ ሲበራለት፣ በሌላ መንገድ ካልታዘዘ በቀር፣ ፋይሉ መለወጡን የሚያውቀው በፋይሉ መረጃ፣ ማለትም በተሻሻለበት ሰዓትና በመጠኑ ነው። በላፕቶፓችሁ ላይ ይህ ፈጣንና በቂ ነው። በሲአይ፣ ማለትም የተላከውን ኮድ በራሱ በሚፈትሸው ማሽን ላይስ? ጊት የፋይልን የመሻሻያ ሰዓት አያስቀምጥም፤ ኮዱ በአዲስ ማሽን ላይ ሲወርድ ሁሉም ፋይል «አሁን ተሻሻለ» ይሆናል። ካሹን አስቀምጣችሁ፣ ጭናችሁ፣ መልሳችሁ አውርዳችሁ፣ በመጨረሻ አንድም ፋይል አይዘለልም! አንድ ተማሪ በዚህ ጉዳይ ተበሳጭቶ «ጋሼ፣ ካሽ የሚባለው ነገር እኛ አገር አይሠራም» ያለኝን አልረሳውም። የካሹን ስልት ከፋይል መረጃ ወደ ይዘት የሚለውጥ አማራጭ አለ፤ እርሱን ሲያስገባ እዚሁ አገር ሠራ።

እስካሁን ያልነው እያንዳንዱ ፋይል ለብቻው ሲታይ ነው። ፋይሎች ሲገናኙስ? ጠጋ ብለን እንየው። በአንድ የደመወዝ ሥርዓት ውስጥ በመጀመሪያው ፋይል «ሠራተኛ_ፈልግ» የሚል ፈንክሽን አለ፤ የመታወቂያ ቁጥር ተቀብሎ የሠራተኛውን መዝገብ ይመልሳል። በሁለተኛው ፋይል ያለው ኮድ ይህን ይጠራና ወዲያው ከተመለሰው መዝገብ ላይ ደመወዙን ያነባል። አሁን አንዱ ፕሮግራመር የመጀመሪያውን ፋይል ለውጦ፣ ሠራተኛው ካልተገኘ ባዶ እንዲመልስ አደረገ። ሁለተኛው ፋይል ውስጥ አንዲት ፊደል አልተነካችም። ነገር ግን ስሕተቱ አሁን ያለው እዚያ ነው፤ ባዶ ላይ ደመወዝ ሊያነብ ነው። «የተለወጠውን ፋይል ብቻ ፈትሽ» የሚል ዘዴ ይህን ፈጽሞ አያየውም። ዓይነት የሚመረምሩ ደንቦችን በየፋይሉ ከሚሠራ ካሽ ጋር የምታጣምሩ ሁሉ ይህን ልብ በሉ።

እንግዲያውስ መፍትሔው ምንድን ነው? የመጀመሪያው ፋይል በተነካ ቁጥር እርሱን የሚጠሩትን ሁሉ እንደገና መፈተሽ ነውን? ይህ እውነተኛ ቢሆንም አባካኝ ነው፤ ሁሉም የሚጠራው የጋራ ፋይል ሲነካ ሙሉው ፕሮጀክት ይነሣል። ጥሩዎቹ መሣሪያዎች የሚያደርጉት ሌላ ነው። ከእያንዳንዱ ፋይል ወደ ውጭ የሚታየውን ገጽ፣ ማለትም የፈንክሽኖቹን ስም፣ የሚቀበሉትንና የሚመልሱትን ዓይነት፣ ለይተው ያንን ብቻ ሃሽ ያደርጋሉ። በፈንክሽኑ ሆድ ውስጥ አንድ ስሌት ብታስተካክሉ ገጹ ስላልተለወጠ ጠሪዎቹ አይነሡም። ባዶ እንዲመልስ ስታደርጉት ግን የሚመልሰው ዓይነት ተለወጠ፣ ገጹ ተለወጠ፣ ጠሪዎቹ ይነሣሉ። ማይፓይ በካሹ ውስጥ ይህን የገጽ ሃሽ ይይዛል። ለሩስት ቋንቋ የተሠራው ሩስት አናላይዘር ደግሞ ከመሠረታዊ ደንቦቹ አንዱ አድርጎ የያዘው ይህንኑ ነው፤ በአንድ ፈንክሽን ሆድ ውስጥ መጻፍ በሌላው ኮድ ላይ የተሠራውን ዕውቀት መሻር የለበትም። ኢንፈርም ቅድም በነገርኳችሁ ሰዓት ላይ ሊደርስ የቻለው ለእያንዳንዱ ፈንክሽን ማጠቃለያ ሠርቶ ስለሚያስቀምጥ ነው፤ ጠሪውን ሲመረምር የተጠሪውን ማጠቃለያ ብቻ ያነባል፣ ሆዱን እንደገና አይከፍትም።

እግረ መንገዴን መሣሪያውን የማስነሣት ወጪንም ልጥቀስ። ሦስት ፋይል ለመፈተሽ መሣሪያው ራሱ ተነሥቶ ካሹን ከዲስክ እስኪያነብ ድረስ ከፍተሻው የበለጠ ጊዜ ሊፈጅ ይችላል። ለዚህ ከጀርባ ነቅቶ የሚቆይ አገልጋይ ይረዳል፤ ማይፓይ ዲሞን የሚባል እንዲህ ያለ አገልጋይ አለው፣ ሩቦኮፕም እንዲሁ። የፋይል ማስቀመጫ ኩባንያው ድሮፕቦክስ እ.ኤ.አ. በ2019 ከ4 ሚሊዮን መስመር የሚበልጥ የፓይተን ኮድ በማይፓይ እንደሚመረምር ሲገልጽ ከረዱት ነገሮች መካከል ይህን አገልጋይና ማይፓይን ራሱን ወደ ማሽን ኮድ መተርጎሙን ጠቅሷል፤ ትርጉሙ ብቻውን ፍጥነቱን አራት እጥፍ ያህል አድርጎታል። ማስጠንቀቂያ፦ አገልጋዩ ራም ይይዛል። 8 ጊጋባይት ላይ ብሮውዘሩና ኤዲተሩ ከተካፈሉት በኋላ የሚተርፈውን እያያችሁ ይሁን።

ብዙ ኮር (ለየብቻ የሚሠራ የፕሮሰሰር ክፍል) እንጠቀም ለሚለው ሐሳብ ደግሞ የኮምፒውተር መሐንዲሱ ጄን አምዳል እ.ኤ.አ. በ1967 ያነሣው ነጥብ አሁንም መልስ ነው። ከሥራው 20 በመቶ የሚሆነው ሊከፋፈል የማይችል ከሆነ፣ በአራት ኮር የምታገኙት ፍጥነት 2.5 እጥፍ ነው፤ መቶ ኮር ብትገዙም ከአምስት እጥፍ አታልፉም። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ፕሮሰስ የዓይነት መረጃውን ለየራሱ የሚጭን ከሆነ ራም ሞልቶ ወደ ዲስክ መገልበጥ ይጀመርና ከአንድ ኮር የባሰ ይሆናል። ኢኤስሊንት እ.ኤ.አ. በ2013 ከተፈጠረ በኋላ በብዙ ትሬድ (ጎን ለጎን በሚሄዱ ሥራዎች) መሥራትን በራሱ ውስጥ ያስገባው በ2025 ነው፤ ነገሩ ከውጭ እንደሚመስለው ቀላል አለመሆኑን ከዚህ ተረዱ።

በሌላ ቋንቋ ስለመጻፍስ? አልቃወምም። ማይክሮሶፍት በማርች 2025 የታይፕስክሪፕትን ኮምፓይለር ወደ ጎ እያዛወረ መሆኑን ሲያስታውቅ፣ 1.5 ሚሊዮን መስመር ያለው፣ «ቪኤስ ኮድ» የተባለው ኤዲተር ምንጭ ኮድ ምርመራ ከ77.8 ሰከንድ ወደ 7.5 ሰከንድ እንደወረደ አሳይቷል። ይህ የሚናቅ አይደለም፤ ከዚያ ፍጥነት ከፊሉ ግን የተገኘው ሥራውን በትይዩ በማስኬድ ነው። ራፍ ደግሞ ገና ከመነሻው በሩስት የተጻፈ ሆኖ ሳለ፣ በ2024 ፓርሰሩን በእጅ በተጻፈ ሌላ ፓርሰር ሲተካ ፓርሲንጉ ከእጥፍ በላይ ፈጠነ፤ አጠቃላዩ ሊንት የፈጠነው ግን ከ20 እስከ 40 በመቶ ነው። አንዱ ክፍል በእጥፍ ሲፈጥን ሁሉም በእጥፍ እንደማይፈጥን ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለኝም። ለእናንተ ግን ጥያቄው ይህ ነው፤ የጎ ወይም የሩስት ቡድን አላችሁን? ከሌላችሁ በካሽና በመለካት ጀምሩ።

አንድ ነገር ቀረኝ። የሒሳብ ሊቁ ሄንሪ ራይስ እ.ኤ.አ. በ1953 እንዳረጋገጠው ስለ ፕሮግራሞች ባሕርይ የሚጠየቅን ቁም ነገር ያለው ጥያቄ ሁሉ ለማንኛውም ፕሮግራም ያለ ስሕተት የሚመልስ መሣሪያ ሊኖር አይችልም። ስለዚህ እያንዳንዱ ፍተሻ በጥልቀትና በጊዜ መካከል ይመርጣል፤ እናንተም አብራችሁ መምረጥ አለባችሁ። በየሴቩ የሚሄደው ኤዲተሩን የማያስጠብቅ፣ አንድ ፋይል ብቻ የሚያይ ይሁን። ዓይነትንና የፋይሎችን ግንኙነት የሚያየው ለውጡ ለግምገማ ሲቀርብ ይሂድ። ከባዱን ወደ ሌሊት ልትገፉት ትችላላችሁ፤ ነገር ግን የፌስቡክን ዝርዝር አስታውሱ። ጠዋት ማንም የማይከፍተው ዝርዝር የሚያወጣ ፍተሻ ከማስኬድ ደንቦቹን ቀንሶ፣ የወጣውን ስሕተት በስሙ የሚረከብ ሰው መድቦ ማስኬድ ይሻላል። እኔ ብሆን ባለቤት ያላገኘሁለትን ደንብ አጠፋዋለሁ፤ ይህን ስል የማይስማሙ መምህራን እንዳሉ አውቃለሁ፣ በጥያቄው ሰዓት እንከራከርበታለን።

አሁን ከሻይ በፊት ወደ ተግባሩ እንለፍ። መብራቱ እያለ ላፕቶፖቻችሁን ክፈቱ። የራሳችሁን ፕሮጀክት ያዙና ፍተሻውን መጀመሪያ ካሹን አጥፍታችሁ አንድ ጊዜ፣ ቀጥሎ ካሹን አብርታችሁ ሁለት ጊዜ አስኪዱት፤ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ፍተሻ የወሰደው ጊዜ ስንት እንደሆነ ጻፉልኝ። ሁለቱ እኩል የሆኑበት ሰው እጁን ያውጣ፤ የማዋቀሪያ ፋይሉን እዚህ ስክሪን ላይ እንከፍተዋለን፣ ከእርሱም እንጀምራለን።